ቬር የተባለው ግድግዳ

ኤሌኒ ልደቱ ጅቡቲ የገባችው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 መጨረሻ፣ ከድሬዳዋ በባቡር ነው። እዚህ አገር ዓመቱን የምንቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ እኔም በዚያው እጽፋለሁ። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ዕቃ በሙሉ ወደ ጅቡቲ ወደብ ዞሮ ነበር። ከዕቃው ጋር ሾፌሩም፣ ጫኚውም፣ የቤት ሠራተኛዋም ይጎርፍ ነበር። ኤሌኒ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከጣቢያው በወረደች በሳምንቷ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር፣ የፈረንሳይ መኮንኖች በሚኖሩበት ቤት፣ ተቀጥራ ማደር ጀመረች።

ዛሬ እሷ የምታስተካክላቸውን ቤቶች ያዩ ሰዎች የት ተማረች ብለው ይጠይቁኛል። የተማረችው እዚያው ቤት ነው። መኮንኖቹ ሁለት ሦስት ዓመት አገልግለው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ቤቱና የቤቱ ዕቃ ግን የጦሩ ስለሆነ ይቀራል። ኤሌኒም አብራ ትቀራለች። አዲሷ ማዳም ሻንጣዋን ሳትፈታ፣ ያለፈችው ያስቀመጠችውን ሁሉ ማዛወር ትጀምራለች። ሶፋው ወደ መስኮቱ ይሄዳል፣ ቁምሳጥኑ ወደ ኮሪደሩ፣ ጠረጴዛው ከዚህ ወደዚያ። ተሸካሚዋ ኤሌኒ ናት። በአሥር ዓመት ውስጥ ያንን አንድ ቤት በአራት ማዳሞች እጅ አራት ጊዜ ሲለወጥ አየችው።

የመጀመሪያዋ ማዳም መስኮቱን ሁሉ በቡናማ መጋረጃ ሸፈነችው፤ ቤተሰቡ ዓመቱን ሙሉ ራሱን እያመመው ኖረ። ሁለተኛዋ ትልቁን ጠረጴዛ በማድ ቤቱና በሳሎኑ መካከል ደነቀረችው፤ በእሷ ዘመን የተሰበረው ብርጭቆ ለአንድ ሠርግ ይበቃ ነበር፤ ቁጣው ግን የወረደው በኤሌኒ ላይ እንጂ በጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ሦስተኛዋ ሁሉን ነጭ አደረገች። ነጭ በእነሱ አገር ምን እንደሚመስል አላውቅም። እዚህ ግን ስድስት ሰዓት ላይ ዓይን ያሳውራል፤ ሰዎቹ ሳሎኑን ትተው መኝታ ቤት መዋል ጀመሩ። አራተኛዋ ምንም አልገዛችም። አንድ ቢጫ ጨርቅ ቀደደችና አንዱን ቁራጭ ሳሎን፣ አንዱን ኮሪደር፣ አንዱን መኝታ ቤት አኖረችው። ኤሌኒ ያን ቀን ትሪ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆማ እንደቀረች ነግራኛለች። ሦስቱ ክፍሎች አንድ ቤት ሆነው ታዩዋት።

ከእሷ ጋር የተዋወቅነው ያን ጊዜ ነው። እኔ ለሠላሳ ዓመታት የባቡር ፉርጎ ቀለም ቀቢ ነበርኩ። ባቡሩ ሲደክም ቤት ወደ መቀባት ዞርኩ፤ አራተኛዋ ማዳምም ሳሎኑን እንድቀባ ጠራችኝ። ባልዲውን ስከፍት ሠራተኛዋ ከማድ ቤት ብቅ አለችና ቀለሙን አየችው። "ጋሽ ባንቲሁን፣ ይሄ ነጭ ቀትር ላይ ይጮሃል። ትንሽ አፈር ያግኘው" አለችኝ። ቀለም የምትመክረኝ የቤት ሠራተኛ አይቼ ስለማላውቅ ባልዲዬን ማማሰሌን ቀጠልኩ። ማዳሟ ስትሰማ ግን አፈር ቀለም አስጨመረችኝ። ቀትር ላይ ቆሜ ግድግዳውን ሳየው ልጅቷ እውነቷን ነበር።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ፣ በእረፍት ቀኗ፣ የሰው ቤት ታስተካክል ጀመር። ሁለት ሕግ ነበራት። አንደኛው የትሪ ሕግ ነው። ትሪ ላይ ስምንት ብርጭቆ ውሃ ሞልታ ከማድ ቤት እስከ እንግዳ መቀመጫ ትሄዳለች። ወደ ጎን የዞረችበት ወይም ክንዷን የሰበሰበችበት ቦታ ካለ ዕቃው ያለቦታው ተቀምጧል ማለት ነው፣ ይነሳል። ሁለተኛው የቀለም ሕግ ነው። የቤቱን እመቤት የምትወጂያቸውን ሦስት ድርዕ አውጪ ትላታለች። ድርዕ የዚህ አገር ሴቶች የሚለብሱት ስስ ረጅም ቀሚስ ነው፤ ቀለሙ ከሩቅ ይጠራል። የቤቱን ቀለም የምትመርጠው ከእነዚያ ሦስቱ ነው። ሴትዮዋ በገዛ ቤቷ ስትንቀሳቀስ ከግድግዳው ጋር መጣላት የለባትም ትላለች።

ልጅ አላት። ፀደይ ትባላለች፤ በ2001 ነው የተወለደችው። አባቷ በአዲስ አበባ መንገድ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ስለ እሱ ኤሌኒ ብዙ አትናገርም፤ እኔም አልጨምርም። ተቀጥራ የምታድር ሴት ከማድ ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል ልጅ ማሳደግ አይፈቀድላትም። ስለዚህ ፀደይ ድሬዳዋ አክስቷ ዘንድ አደገች። እናትና ልጅ በዓመት አንዴ ይተያዩ ነበር።

በ2013 መጀመሪያ ላይ ኤሌኒ ቅጥሯን ለቀቀች። ሐዲጃ የምትባል፣ ኤሌኒን በመኮንኖቹ ቤት እንግዳ ሆና ያወቀቻት የጅቡቲ ሴት፣ ከባሏ ከሮብሌ ጋር ሦስት ዓመት ፈረንሳይ አገር ሊዮን ተቀምጣ ልትመለስ ነበርና ሃራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ያሠሩትን አዲስ ቪላ ውስጡን በሙሉ ለኤሌኒ ሰጠቻት። ከዚያ በፊት ኤሌኒ አንድ ሳሎን፣ አንድ መኝታ ቤት ነበር የምትሠራው። ሙሉ ቤት በራሷ ስም ስትረከብ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ካርቲየ ዶ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየችና ለእህቷ ደወለች፦ ይህ ቤት ካማረ ሌላው ይከተላል፣ ክረምቱ ሲያልፍ ፀደይን ላኪልኝ። ካላማረ ግን ወደ ሰው ቤት፣ ወደ ማድ ቤት ጀርባ ትመለሳለች። አንዲት ማዳም ቦታ ይዛላት እስከ ጁን መጨረሻ ትጠብቃት ነበር።

ሥራው እየሄደ ሳለ፣ ኤፕሪል ላይ ይመስለኛል፣ ሐዲጃ ከሊዮን ደወለች። ያልተወሰነ አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ከሳሎኑ ቀጥሎ መብረዝ አለ። መብረዝ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወንዶች ከቀትር በኋላ ጫት የሚቅሙበት ክፍል ነው። ያለ መብረዝ የተሠራ ቤት እዚህ ከተማ ቤት ለመባል ይቸገራል። ሳሎኑን ከመብረዙ የሚለየው ግድግዳ ገና አልቆመም፤ በምን ይሠራ የሚል ነበር ጥያቄው። ስልኩ ይቆራረጣል። ኤሌኒ ፈረንሳይኛን በጆሮዋ የተማረች ናት። እኔ መሰላል ላይ ነበርኩ። "ላ ክሎዞን፣ አን ቬር"፣ ማለትም ግድግዳው በቬር ይሁን፣ የሚል ሰማችና መስመሩ ጠፋ።

"ጋሽ ባንቲሁን፣ ቬር ምንድነው?" አለችኝ።

እኔ የፈረንጅ ፊደል የለየሁት ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ባቡር ጣቢያው ዕቃ ማራገፊያ ላይ ሳግዝ፣ ከሳጥኖች ነው። ሳጥኑ ላይ ቬ፣ ኧ፣ ኤር፣ ኤር፣ ኧ ተብሎ ተጽፎ፣ ከጎኑ ዋንጫ ተስሎ ካየን ቀስ ብለን እናወርደዋለን፤ መስታወት ነው። ስለዚህ መስታወት ነው አልኳት።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"በዓይኔ ያነበብኩትን ነው የምነግርሽ።"

ይህን ያልኩት ትንሽ ተቆጥቼ ነው። ለእኔ ማንበብ ትልቅ ነገር ነበርና ሰው ሲጠራጠረው አልወድም ነበር። ኤሌኒ ግን ልቧ አልረጋም። መብረዝ በመስታወት? መልሳ ልትደውል ሁለት ቀን ሞከረች፤ አልገባላትም። የመናዊው መስታወት ቆራጭ በበኩሉ መስታወት ላመጣ ዱባይ ልሄድ ነው፣ ልኩን ዛሬ ካልሰጠሽኝ ሁለት ወር ጠብቂ አላት። ሰዎቹ ፈረንሳይ ኖረዋል፣ ምናልባት የዘመኑ ቤት እንዲህ ይሆናል ብላ ልኩን ሰጠችው። ከወለል እስከ ጣራ የሚደርስ መስታወት መጣና በአልሙኒየም ተይዞ ከሴራሚኩ ሥር በሲሚንቶ ተቀበረ። ውብ ነበር፤ አልዋሽም።

ቤተሰቡ የሚመጣው በጁን ወር መጨረሻ፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። ሮብሌ ገና ሊዮን ሳለ ጓደኞቹን ለዚያው ሐሙስ ሰባት ሰዓት፣ ጫት በሚደርስበት ሰዓት፣ ጠርቷል። ሐዲጃ ደግሞ ዓርብ የሃራሙስን ሴቶች ጠርታለች። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ የሮብሌ አክስት ቤቱን ልታይ መጣች። ኤዶ ካልቱን ይሏታል፤ ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ሰፊ ሴት ናት፤ ድምፅዋም እንደ ሰውነቷ ነው። ክፍሎቹን እያየች "ሃዬ፣ ሃዬ"፣ እሺ እሺ እያለች መጣችና መብረዝ ገብታ፣ ሮብሌ በሚቀመጥበት ቦታ መከዳ ተደግፋ ተቀመጠች። ኤሌኒ ከመስታወቱ ወዲያ ሳሎን ውስጥ፣ በባዶ እግሯ፣ መጋረጃ ትሰቅል ነበር።

ኤዶ ካልቱን መስታወቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ በሶማሊኛ፣ "አንቺ ልጅ፣ እዚህ ተቀምጬ የእግርሽን ጣት እየቆጠርኩ ነው" አለቻት።

ኤሌኒ መጋረጃውን እንደያዘች ዞረች።

"ሮብሌ አሥራ አንድ ወንድ የጠራው የሚስቱን ጣት ሊያስቆጥር ነው? ሐዲጃ አረንጓዴ ግድግዳ ነው ያለችው። እኔን በሶማሊኛ ነው የነገረችኝ፤ በሶማሊኛ አረንጓዴና መስታወት ዝምድና የላቸውም።"

ጉዳዩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ቬር በፈረንሳይኛ አረንጓዴም ነው፣ መስታወትም ነው። ሲጻፉ ይለያያሉ፤ ሲነገሩ ግን አንድ ናቸው። እኔ ያነበብኩትን ነበር የነገርኳት፤ ሐዲጃ ግን የጻፈችው ነገር አልነበረም።

ኤዶ ካልቱን ከመነሳቷ በፊት ፍርዷን ሰጠች። ሐሙስ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዳ የምትቀበላቸው እሷ ናት። ከመሄዷ በፊት በዚህ በኩል ታልፋለች። መስታወቱ እንዳለ ካገኘችው ሐዲጃን ከመኪና ሳታወርዳት ወደ ራሷ ቤት ትወስዳታለች፤ ዓርብ የተጠሩት ሴቶችም ወደዚያው ይመጣሉ፤ ለምን እንደሆነም ይነገራቸዋል።

ሁለት ቀን ነበረን። የመናዊው ተጠርቶ መጣና መስታወቱን ላውጣ ብል አሥር ቀን ያስፈልገኛል፣ ሴራሚኩም አብሮ ይነሳል አለ። መጋረጃ እንስቀልበት ብንል ማራገቢያው ይገልጠዋል። እኔ በዘይት ቀለም አረንጓዴ ልቀባው አልኩ። ኤሌኒ ራሷን ነቀነቀች። የተቀባ መስታወት ያየ ሰው ሁሉ ከጀርባው ምን እንደተደበቀ ይጠይቃል፤ ስህተቱን አረንጓዴ አድርጌ ለእንግዳ ማቅረብ ነው አለች።

ዕቃ የሚያነሳልን ጫላ የሚባል ከወደብ የመጣ ጫኚ ነበር፤ ጉልበቱም ወሬውም ብዙ ነው። እሱ ደግሞ "ጋሼ፣ ቬር ማለት መጠጫ ብርጭቆም ነው ይላሉ። እንኳን ግድግዳውን በብርጭቆ አላስደረደሩን" አለ። ሳቅ ሊያመጣ ፈልጎ ነው። ማንም አልሳቀለትም።

እኔ ለኤሌኒ በግልጽ ነገርኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለሐዲጃ እኔ እነግራታለሁ፤ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ከእኔ የሚወሰድ ብዙ ነገር የለም አልኩ።

"አይሆንም" አለችኝ። "እርስዎ ሲነግሯት ምን ትላለች? ቀለም ቀቢው የሚያዝበት ቤት ነው ትላለች። ቤቱ የእኔ ነው ብያለሁ። ስህተቱም የእኔ ነው።"

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከሩብ ሰዓት በላይ ተቀምጣለች። ከዚያ ተነስታ ማድ ቤት ገባችና ትሪዋን ይዛ ወጣች፤ ስምንት ብርጭቆ ውሃ። ወደ መብረዙ ግን አልሄደችም። በኮሪደሩ አድርጋ ወደ ሌላው የቤቱ ጫፍ፣ ለእንግዳ መኝታ ወደተተወው ክፍል ሄደች። ተመለሰች። ደግማ ሄደች። ሦስተኛው ላይ ትሪውን በመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችና ወደ ውጭ ተመለከተች። መስኮቱ የሚያየው ወደ ጎን መንገዱ ነው።

"ጫላ፣ መዶሻህን አምጣ" አለች።

ሐሳቧ ይህ ነበር። መብረዙ ወደዚህ ክፍል ይዛወራል። ከመስኮቱ ሥር ያለው ግድግዳ ይፈርስና በር ይሆናል፤ ወንዶቹ ከመንገድ ቀጥታ ይገባሉ፣ የሴቶቹን ወገን ሳያዩ ይወጣሉ። የቀድሞው መብረዝ የቤተሰብ መመገቢያ ይሆናል፤ በመስታወቱ ግራና ቀኝ የሚቀመጡት የቤቱ ሰዎች ብቻ ይሆናሉ። ሲነገር ቀላል ነው። ነገር ግን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሰው ቤት የውጭ ግድግዳ ማፍረስ ሌላ ነገር ነው። መስታወቱ የጆሮ ስህተት ነው፤ ይህ ግን አውቆ የሚደረግ ነው። ይህንን ነገርኳት። አውቃለሁ አለች። ሊዮን ደወለች፤ አይመልስም። እንደገና ደወለች፤ ተነስተው ወጥተዋል መሰለኝ፣ ስልኩ ዝግ ነው። ለኤዶ ካልቱን ልትደውል ቁጥሩን ጀመረችና ተወችው።

ጫላ መዶሻውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ቆሞ፣ "እህቴ፣ እርግጠኛ ነሽ?" አላት። "ባለቤቱ መጥቶ የማን እጅ ነው ቢል እኔ የወደብ ሰው ነኝ፣ እመለሳለሁ። አንቺ ግን..."

"ምታ" አለችው።

የመጀመሪያው ምት ሲያርፍ የመስኮቱ ፍሬም ዘለለ። ኤሌኒ ፊቷን አላዞረችም። እኔ ግን ዞርኩ።

ረቡዕ ካምሲን ነፈሰ። ካምሲን ከበረሃ የሚመጣ ትኩስ ነፋስ ነው፤ አሸዋው እርጥብ ቀለም ላይ ይለጠፋል። ከረፋዱ ጀምሮ መብራት ስለጠፋ ማራገቢያ የለም። እኔ የቀባሁትን አሸዋው እየላሰ፣ እኔ እየጠረግሁ፣ እንደገና እየቀባሁ ዋልኩ። በሩን የሚገጥመው አናጺ ለሦስት ሰዓት ቃል ገብቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ልኩ አንድ ጣት ያህል ሰፍቶ ተገኘና ጎኑ በሲሚንቶ ተሞላ። ጫላ ፍራሾቹንና ቀይ መከዳዎቹን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየተሸከመ፣ ፈረንሳይኛ የፈጠረውን ሰው እየረገመ ዋለ።

ትልቁ ችግር ቀለሙ ነበር። ኤሌኒ ቤቱን የሠራችው ከመብረዙ ቀይ ተነስታ፣ ቀዩ በሳሎኑ ምንጣፍ ጠርዝና በኮሪደሩ ጨርቅ እያለፈ እስከ መኝታ ቤቱ እንዲሄድ አድርጋ ነው። ቀዩ ሲነሳ መካከሉ ባዶ ቀረ። አዲሱ መመገቢያ ሆስፒታል መሰለ። መሬት ላይ ተንበርክካ ሐዲጃ አስቀድማ የላከችላትን ሦስት ድርዕ ዘረጋቻቸው። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ወርቃማ፣ አንዱ የሎሚ ቅጠል አረንጓዴ ነበር። አረንጓዴውን አነሳችና ከመስታወቱ ማዶ ያለው ግድግዳ ላይ በሁለት እጇ ዘርግታ ያዘችው። ወደ እኔ ሳትዞር፣ "ከሳሎን ሆነው ይዩልኝ" አለች።

ከሳሎን ሆኜ አየሁ። መስታወቱ በጀርባው ያለውን ተቀብሎ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ያንን ግድግዳ ቀለሙን ከድርዑ ጋር እያስተያየሁ በእጄ በጥብጬ ቀባሁት። ከዚያ አረንጓዴውን በትራስና በወንበር ጨርቅ እየቀነሰች እስከ ቀዩ ኮሪደር አደረሰችው። ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት አልቻልንምና ሥራ አቆምን፤ ሲነጋጋ ተመልሰን ጨረስን።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ኤዶ ካልቱን መጣች። መጀመሪያ መስታወቱ እንደቆመ አየችና ፊቷ ጠቆረ። ከዚያ ከወዲህ ምግብ ጠረጴዛ፣ ከወዲያ ሶፋ አየች። መብረዙን ስትፈልግ ኮሪደሩ ወሰዳት። አዲሱን በር ከፍታ መንገዱን አየች፣ ዘጋችው፣ እንደገና ከፈተችው። ፍርስራሹ ገና ከደጅ አልተነሳም ነበር። "ይህን ማን ፈቀደ?" አለች። ኤሌኒ ማንም አልፈቀደም አለቻት። ሴትዮዋ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደች። መኪናው ወዴት ይመጣ ይሆን እያልን ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅን።

መኪናው ወደ እኛ መጣ።

ኤሌኒ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ሐዲጃ ከመኪናው እግሯን ስታወርድ ቀድማ ተናገረች። "ማዳም፣ በስልክ ቬር ሲሉኝ መስታወት ብዬ ሰማሁ። መስታወት አቁሜያለሁ። ከዚያ መብረዙን አዛወርኩና ሳልጠይቅ የውጭ ግድግዳ አፈረስኩ። ይግቡና ይዩት።"

ሐዲጃ ዓይኗ ከአውሮፕላኑ መንገድ ቀልቷል። ባሏን አየችው። ሮብሌ ትንሽ የሚናገር ሰው ነው። ቤቱን በውጭ ዞሮ አዲሱን በር አገኘውና ወደ ውስጥ ገባ። ሳይወጣ ቀረ። ሰባት ሰዓት ላይ ጓደኞቹ ጫታቸውን ታቅፈው በዚያው በር ገቡ። አንደኛው ቀለሙ ያልደረቀውን የበሩን ጎን ተደግፎ የሸሚዙ ትከሻ ነጭ ሆነ፤ ሌሎቹ ማዕረግ ተሰጠህ እያሉ ሲቀልዱበት ድምፃቸው በኮሪደሩ ተሰማ። የሳሎኑን ወገን ግን ማንም አላየም።

ሐዲጃ ወንዶቹ እስኪገቡ ድረስ ክፍል ለክፍል ስትዞር ነበር። እኔና ኤሌኒ ማድ ቤት ቆመናል። መጨረሻ ላይ መጣች። አልተቆጣችም፣ አላመሰገነችምም። ግድግዳዬን አፈረስሽ አለች። ኤሌኒ አዎ አለች። ይህን ሌላ ሰው አድርጎት ቢሆን ፖሊስ እጠራ ነበር አለች። ኤሌኒ ያንንም ተቀበለች። ከዚያ ሐዲጃ ወደ ትሪው እያየች፣ "ነገ አሥር ሰዓት ሴቶቹ ይመጣሉ። ገና ሠራተኛ አልያዝኩም። ሻዩን አንቺ ታዞሪያለሽ" አለች።

በክፋት አልመሰለኝም። ኤሌኒን ያወቀቻት ትሪ ይዛ ነው፤ ተጨነቀችና ወደምታውቃት ኤሌኒ ተመለሰች። ግን እኔ የቆምኩበት ቦታ ጠበበኝ። እምቢ ብትል ቤቱ ይነሳታል። እሺ ብትል የሃራሙስ ሴቶች ሁሉ በትሪ ያውቋታል፤ ቤቱን ማን ሠራው ሲባል ማንም ወደ እሷ አይዞርም፤ ሌላ ቤት የሚሰጣትም አይኖርም። ፀደይም ድሬዳዋ ትቀራለች።

ኤሌኒ እጇን በፎጣ ጠረገች። "ማዳም፣ ለሻዩ ጎበዝ ሴት አመጣልዎታለሁ፤ ስርጉት ትባላለች፣ ከእኔ ትሻላለች" አለች። "እኔ ግን ነገ ከመጣሁ በዋናው በር ነው የምመጣው። ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ።"

ሐዲጃ ፎጣውን ከእጇ ተቀብላ አጣጥፋ አስቀመጠችና ወጣች።

በማግስቱ የሆነውን ስርጉት ነገረችኝ። ሴቶቹ ሞልተው፣ ሽቶው ቤቱን ይዞት ሳለ ዋናው በር ተንኳኳ። ስርጉት ልትከፍት ስትነሳ ሐዲጃ በእጇ መለሰቻትና ራሷ ሄደች። ኤሌኒ ያላትን አንዱን ጥሩ ልብስ ለብሳ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ሁለቱ ደፉ ላይ ተያዩ። ስርጉት አንድ ብርጭቆ እስኪሞላ ያህል ነው ትላለች። ከዚያ ሐዲጃ ከበሩ ዞር አለችላት። ሳሎን ይዛት ገባች፣ ከራሷ ጎን አስቀመጠቻትና ለሴቶቹ በሶማሊኛ፣ "ስትጠይቁኝ የነበረችው እሷ ናት። ፈረንሳይኛ አትችልም፤ ቤት ግን ትችላለች" አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ኤዶ ካልቱን ከሁሉም በላይ ሳቀች። ስርጉት ሻይ ስታቀርብ ኤሌኒ ሦስት ማንኪያ ስኳር አደረገች፤ ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው።

እስከ 2017 ድረስ ኤሌኒ ሃያ ያህል ቤቶች ሠርታለች፤ አብዛኛውን አብሬያት ቀብቻለሁ። በስልክ ቀለም አትቀበልም። ደንበኛዋ ቀለሙን በጣቷ ካሳየቻት ትቀበላለች፤ አለዚያ ትጠብቃለች። እኔም አንድ ነገር ስጠየቅ እንዴት ነው የሚጻፈው ብዬ መጠየቅ ለመድኩ።

ፀደይ የመጣችው በዚያው በ2013፣ በሴፕቴምበር ነው። ኤሌኒ ካርቲየ ዶ ያለችውን አንድ ክፍሏን ሳምንቱን ሙሉ ስታዘጋጅ ነበር። የልጅቱን አልጋ የት እንደምታደርገው ጨነቃት። በር ሥር አደረገችው፣ አነሳችው፣ መስኮት ሥር አደረገችው፣ መልሳ አነሳችው። የሃያ ሰው ሳሎን የማያስጨንቃት ሴት አንድ አልጋ አሸነፋት። በመጨረሻ ከራሷ አልጋ ፊት ለፊት፣ በሌላው ግድግዳ አስጠግታ፣ መሐሉን መተላለፊያ አድርጋ ተወችው፤ ትሪ ይዛም አለፈችበት።

ልጅቱ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ። ገባች፣ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ክፍሉን ዙሪያውን አየች። ከዚያ ማንንም ሳትጠይቅ አልጋዋን በጉልበቷ ገፍታ ከእናቷ አልጋ ጋር አገጣጠመችው። መተላለፊያው ጠፋ።

ኤሌኒ ወደ እኔ አየች። ከዚያ የአልጋውን ሌላ ጫፍ ይዛ ቀሪዋን ክፍተት ዘጋቻት።